የቀናንበት ግድግዳ

ልጅ ሆኜ መካኒሳ አቦ ስንኖር ከእትዬ ወይንሸት ቤት የሚለየን የቆርቆሮ አጥር ብቻ ነበር። ልጃቸው ህይወት የክፍሌ ልጅ፣ የልብ ጓደኛዬም ነበረች። አንድ የፋሲካ ሰሞን አባቷ ሳሎናቸውን የሸክላ ቀለም አስቀቡት። ከሰዓት በኋላ ፀሐይ በመስኮት ስትገባ ግድግዳው ሙቀት ያለው ይመስል ነበር፤ አሮጌው ሶፋቸው እንኳን አዲስ መሰለኝ። ህይወት «እንዳትደገፊው፣ ይቆሽሻል» ስትለኝ አንጀቴ አረረ።

የእኛ ግድግዳ ውሃ ሰማያዊ ሆኖ ከታች እርጥበት ልጦታል። እናቴ እንዳይታይባት ወንበሮቹን ታስጠጋበታለች። እሷም እነ ህይወት ቤት እንኳን አደረሳችሁ ልትል ሄዳ ስትመለስ ነጠላዋን ሳታወልቅ ግድግዳችን ፊት ቆመች።

«ያምራል አይደል?» አልኳት።

«ምኑ?» አለች፣ ልቧ እያወቀ። ነጠላዋን እያወለቀች «ሲያበሳጭ!» ብላ ሳቀች። እናቴም እንደኔ መቅናቷን ሳውቅ ቅልል አለኝ።

ቅዳሜ በላፍቶ በኩል መሠረት ከሚቆፈርበት ቦታ ቀይ አፈር በማዳበሪያ ሞልተን አመጣን። እናቴ በወንፊት ነፋችው፣ በውሃና በኮላ በጠበጠችው፤ ከዚያ በአሮጌ ጨርቅ እየነከርን እስከ ማታ ቀባን። ቤቱ የመጀመሪያ ዝናብ የነካው መሬት ሸተተ። አባቴ ከሥራ ሲገባ አፉን ከፍቶ ቀረ፤ ደስ ብሎት ደገፍ ሲል የነጭ ሸሚዙ ጀርባ ቀላ። እናቴ ሆዷን ይዛ ሳቀች።

በማግስቱ እትዬ ወይንሸት ህይወትን አስከትለው መጡ። ዙሪያውን አዩና «ኧረ እንዴት ያምራል! ከየት ነው የገዛሽው?» አሉ።

«አልገዛሁትም፤ ከልጄ ጋር ነው የሠራነው» አለች እናቴ። ድምጿ የትሕትና ነበር፤ ፊቷ ግን በራ።

«የኛ ይበልጣል» አለች ህይወት፣ ማንም ሳይጠይቃት። ዓይኗ ቀልቶ ነበር። በዚያች ቅጽበት የተሰማኝ ደስታ ትልቅ ነበር፤ ብዙ ግን አልቆየም። ክረምት ሲገባ ጣሪያችን አፈሰሰ፣ ቀለማችንም እየተንጠባጠበ ወለሉ ላይ ጭቃ ሆነ። የእነሱ ንቅንቅ አላለም። እኔም እንደገና መቅናት ጀመርኩ።

ዛሬ ለቡ ነው የምኖረው። ሳሎኔን በባለሙያ የሸክላ ቀለም አስቀብቼዋለሁ፤ ሲቆሽሽ በእርጥብ ጨርቅ ይጠረጋል። እንግዶች ያደንቁታል። እኔ ግን ማታ ማታ ስልኬን ከፍቼ የማላውቃቸውን ሰዎች ሳሎን እያየሁ እቀናለሁ። ድሮ የቀናሁበትን ቤት አንኳኩቼ እገባ ነበር፤ የእነዚህ በራቸው የት እንደሆነ እንኳን አላውቅም። ባለቤቴን «እየው ይሄን» ስለው «የኛ ምን ሆነ?» ብሎ ወደ ቴሌቪዥኑ ይመለሳል።

እውነቱን ነው፣ የኛ ምንም አልሆነም። አብራኝ የምትቀና እናቴ ብቻ ናት የሌለችው።