እኛ ደባሎቹ የራሽን ካርድ ያገኘን ዕለት

ባለቤቴ ከሞተ በኋላ ሁለት ልጆቼን ይዤ ከአቦምሳ አሰላ ገባሁ። የተከራየሁት ከሰው ግቢ ጓሮ አንዲት ክፍል ነበር። ከጎኔ ደግሞ ልብስ በማጠብ የሚተዳደሩ አሮጊት ከልጅ ልጆቻቸው ጋር ይኖራሉ።

በደርግ ጊዜ ስኳሩም፣ ዘይቱም፣ የፉርኖ ዱቄቱም ለእንደኛ ዓይነቱ ደሃ በሚቀመስ ዋጋ የሚገኘው ከቀበሌው ሱቅ፣ በራሽን ካርድ ነው። የኢተያ ስንዴ በመኪና ተጭኖ በፊታችን ያልፋል፤ እኛ ዱቄት ያምረናል። ካርድ ልጠይቅ ብሄድ፣ «የሚሰጠው በቤት ቁጥር ነው። እናንተ ደባል ናችሁ፤ ከአከራያችሁ ተካፈሉ» አሉኝ። አከራያችን ክፉ ሴት አይደለችም፤ ግን ልጆቿ ቤቱን ሞልተውታል። ከምኑ ታካፍለኝ?

እሑድ የቀበሌ ስብሰባ ተጠራ። መፈክሩ አልቆ «ጥያቄ ያለው?» ሲባል አሮጊቷ በክርናቸው ጎሸም አደረጉኝ።

«እኔ አማርኛ አይሞላልኝም። አንቺ አስተርጉሚልኝ።»

«እማማ፣ ይቅርብን። ጣጣ ያመጣብናል።»

እሳቸው እቴ! ተነሥተው ቆመዋል።

«መንኒ ሂን ቤለኡ፣ ነመቱ ቤለአ!» አሉ ጮክ ብለው።

ኦሮምኛ የሚሰማው ሁሉ ሳቀ። ሊቀመንበሩ ወደ እኔ ዞረ። ተነሣሁ።

«ቤት አይራብም፣ የሚራበው ሰው ነው እያሉ ነው፣ ጓድ ሊቀመንበር።» መቀመጥ ሲገባኝ አፌ እንቢ አለኝ። «እኔም ልጨምር። ለስብሰባ ስትጠሩን፣ መንገድ ጥረጉ ስትሉን፣ ደባል ናችሁ ብላችሁ አስቀርታችሁን አታውቁም። ደባል የምንሆነው ለስኳር ሲሆን ነው?»

አዳራሹ በጭብጨባ ተናጋ። ከኋላ አንዱ «እኔም ደባል ነኝ!» ብሎ ቆመ፤ ሌላዋ ተከተለችው። አከራያችን ሳትቀር ተነሥታ፣ «እውነታቸውን ነው! በእኔ ካርድ አንድ ማንኪያ ስኳር አልደረሳቸውም» አለች። ሊቀመንበሩ ከጓዶቹ ጋር ተንሾካሾከና፣ «በቃ፣ ደባሎችም በየቤተሰባቸው ካርድ ይውጣላቸው» አለ።

አሮጊቷ ትርጉሙን አልጠበቁም፤ እልልታቸውን አቀለጡት።

ራሽን በወጣልን ቀን ዱቄቴን ተሸክሜ በአሰላ ዳገት ስወጣ ሸክም መሆኑን ረሳሁት። በእኔ ዱቄትና በአሮጊቷ ዘይት ቦምቦሊኖ ጠበስን። ልጆቹ ትኩሱን እየተሻሙ፣ ስኳር የነካ ጣታቸውን እየላሱ ግቢውን በሳቅ ሞሉት። ለአከራያችንም በሰሐን ሞልቼ ወሰድኩላት። ለሰው መስጠት እንዴት ናፍቆኝ ኖሯል!