በቀትር የሚያልቀው ባትሪ

ባለፈው ሳምንት ልጄ ሄለን ድሬዳዋ፣ ከዚራ ሰፈር ወደሚገኝ አንድ የኤሌክትሪክ ብስክሌት መሸጫ ወሰደችኝ። ጉልበቴ ካስቸገረኝ ወዲህ አሮጌው ብስክሌቴ አቧራ ለብሶ ሲቆም ማየት ሰልችቷታል። እኔ ደግሞ ነጋዴ ፈገግ ሲልልኝ ኪሴን የምዳብስ ሰው ነኝ። ባትሪው አዲስ ነው ወይስ የታደሰ? በድሬ ሙቀት ስንት ዓመት ይቆያል? ሞተሩ ጎማው ውስጥ ከሆነ ሲበላሽ ማን ይፈታዋል? ሻጩ ላቡን ጠረገና፣ "አቦ አባቴ፣ መርማሪ ነበሩ እንዴ?" አለኝ። ሄለን አፈረችብኝ። እውነቱን ለመናገር ባትሪን መጠርጠር የጀመርኩት ገና በወጣትነቴ ነው።

ያኔ አብዲ የሚባል የመጋላ ሰፈር ልጅ ጓደኛ ነበረኝ። አጎቱ ጋራዥ ነበረው። አብዲ አንድ ቀን ከወደቀ መኪና የተፈታ የራዲያተር ማራገቢያ ሞተር በጨርቅ ጠቅልሎ መጣና፣ "ወላሂ ይሄ ብስክሌት ይነዳል" አለኝ። ሞተሩ የእሱ፣ ብስክሌቱ የእኛ ሆነ። የእኛ ስል የአባቴ ማለቴ ነው። አባቴ ዕድሜውን በባቡር ጥገና የጨረሰ ሰው ነበር። ጡረታ እንደወጣ ቀኝ ጉልበቱ አልታጠፍ አለና ብስክሌቱ በረንዳ ላይ ቀረ። ስንጠይቀው ሳያንገራግር ሰጠን፤ ምላሱን ግን አልሰሰተብንም። "ውሰዱት። ብስክሌት በእግር ካልተነዳ ግን ጋሪ ነው" አለ።

ሞተሩን ከኋላ ጎማ በላይ አሰርነው፤ ዘንጉ ጎማውን እየተጫነ እንዲያሽከረክረው። መጀመሪያ ላይ እየተንሸራተተ የተቃጠለ ጎማ ሸተተን። ከአሮጌ የጎማ ከመነዳሪ የቀደድነውን ላስቲክ ዘንጉ ላይ ስንጠቀልልበት ያዘ። ከኋላ ዕቃ መጫኛው ላይ የመኪና ባትሪ ጫንን፤ ከክብደቱ የተነሳ የፊት ጎማው ይነሳብን ነበር። በሄደ ጊዜ ግን ሰፈሩ ግልብጥ ብሎ ወጣ። አባቴ ብቻ ከወንበሩ አልተነሳም። "እግር ያለው ሰው በሽቦ ይጎተታል?" ብሎ ፊቱን አዞረ።

ባትሪው ሌሊቱን በአብዲ አጎት ጋራዥ ቻርጅ ሲደረግ ያድራል። ጠዋት አምጥተን እንገጥመዋለን፣ እንሞክረዋለን፣ ብስክሌቱ እኛ በረንዳ ላይ ይቆማል። ከዚያ ፀሐይዋ ትከራለች። ድሬዳዋ በቀትር ምን እንደምትመስል ለኖረባት ሰው አይነገርም፤ ሱቁ ይዘጋል፣ መስኮቱ ይጋረዳል፣ ሁሉም ባገኘው ጥላ ጋደም ይላል። አሥር ሰዓት ገደማ ነፋስ ሲመጣ፣ የሳምቡሳ ዘይት መሽተት ሲጀምር፣ ብስክሌታችንን ይዘን እንወጣለን። ድልድዩ ጋ ሳንደርስ ባትሪው ሞቶ ቀጥ!

አንድ ቀን ቢሆን ባልከፋ። በየቀኑ ሆነ። እኔ አብዲን ጠረጠርኩ፤ አጎቱ ቤት በጫት በርጫ ላይ ለሚከፈተው ቴፕ ባትሪውን እያዋለው ግማሹን ያመጣልኛል አልኩ። እሱ ደግሞ እኔን ጠረጠረ፤ ብስክሌቱ የሚውለው እኛ ቤት ነውና። ሳልሰማ የኋላ ጎማው ላይ በጠመኔ ምልክት አድርጎ ኖሯል። ከሰዓት ሲመለስ ምልክቱ ቦታው ላይ የለም።

"ጎማው ብቻውን ይሄዳል እንዴ?" አለኝ።

"እኔ ተኝቼ ነበር!"

"አቦ ተወኝ! ሞተሬን ፍታልኝ።"

ሞተሩ ከተፈታ ብስክሌቱም የለ፣ አብዲም የለ። አንድ ቀን ብቻ አብረን እንጠብቅ ብዬ ለመንኩት።

በማግስቱ በቀትር ከቤታችን ፊት ለፊት፣ ከቆመ ጋሪ ጀርባ ተቀመጥን። የምንጠብቀው ብስክሌቱን ይሁን እርስ በርሳችንን አላውቅም። አብዲ የዘይቱን ፍሬ ይዞ መጥቶ ነበር፤ ለብቻው በላ። መንገዱ ላይ ነፍስ ያለው ነገር አይታይም።

በሩ ቀስ ብሎ ተከፈተ። አባቴ ጫማውን በእጁ ይዞ፣ በካልሲ ወጣ። ግራ ቀኙን አየ። ብስክሌቱን እየገፋ ከግቢ አወጣ፣ ጫማውን አጠለቀ፣ የታመመ እግሩን ወደፊት ዘርግቶ ማብሪያውን ተጫነ። በመንገድ ዳር ዛፎች ሥር እስከ መንገዱ ጫፍ ሄደ። ዞሮ መጣ። እንደገና ሄደ። መታጠፊያው ላይ ሲደርስ ደወሉን ደወለ።

ማንም የለም እኮ። ድሮ ከሥራ ሲመለስ እዚያው ቦታ ላይ ነበር የሚደውለው፤ እኔም ልጅ ሆኜ ሰምቼ እሮጥ ነበር። ያንን ድምፅ ከሰማሁ ቆይቼ ነበርና እንባዬ መጣ።

አብዲ ከቀሩት ዘይቱኖች አንዱን አቀበለኝ። "ሞተሩ ይቆይ" አለ።

የዚያን ዕለት አሥር ሰዓት ላይ ባትሪው እንደልማዱ ሞተ። እኛም ብስክሌቱን ገፍተን ተመልሰን እንደልማዳችን አባቴ ፊት ተጯጯህን፤ "አንተ ነህ!" "አቦ አንተ ነህ!" ዝም ካልን ያውቅብናል ብለን ፈርተን ነው። አባቴ ከወንበሩ ቀና ሳይል፣ "ባትሪ ማለት እንዲህ ነው፤ አይታመንም" አለን። እስኪሞት ድረስ እንዳየነው አልነገርነውም።

ዛሬም ሰው እጠረጥራለሁ፣ አልተሻለኝም። ግን ሌባ ያልኩት ሰው አንዳንዴ ያፈረ ሰው ብቻ ሊሆን እንደሚችል አውቃለሁ። የአባቴ ኀፍረት በደንብ የገባኝ ደግሞ የታመመው ጉልበት የእኔ ሲሆን ነው።

የብስክሌቱ ሻጭ በመጨረሻ ታከተውና፣ "ነገ አሥር ሰዓት ላይ፣ ቀዝቀዝ ሲል ይምጡና ነድተው ይዩት" አለኝ።

"ሰባት ሰዓት ላይ ነው የምመጣው።"

"በሰባት ሰዓት? ወላሂ ድመት እንኳን አይወጣም!"

"ለዚያ ነው" አልኩት። ሄለን ዓይኗን ጠበብ አድርጋ አየችኝ። እሷን እንዳላየሁ ሆኜ ሻጩን አንድ የመጨረሻ ጥያቄ ጠየቅኩት።

"ደወል አለው?"