አበባ ብቻ ያንጠለጠለው ፓፓያ

ልጅ ሳለሁ ተረት የምሰማው ከወንድ አያቴ ቀኝ ጉልበት ሥር ተቀምጬ ነበር። ግራው ጉልበታቸው የማንም ነው፤ የአጎቶቼ ልጆችም፣ የጎረቤት ልጆችም፣ የእንግዳ ልጅም ይደገፈዋል። ቀኙ ግን የእኔ ነበር። ያንን ቦታ ማንም አልሰጠኝም፤ በክርንና በጥፍር ያገኘሁት ነው። እሱን ላለማጣት ምን እንዳደረግሁ ለማንም ተናግሬ አላውቅም።

ቤታችን ከሰቆጣ ወደ አበርገሌ በሚወስደው ቁልቁለት፣ ደጋው አልቆ ቆላው ሊጀምር ሲል ባለች መንደር ነበር። ያኔ እራት ተበልቶ ፍየሎቹ ከገቡ በኋላ ምድጃው ውስጥ የወይራ ፍም ይቀራል፤ ኩራዟ ከምሰሶው ላይ ሆና ጥቀርሻዋን እየተፋች ትበራለች። ጭሱ ዓይናችንን ቢያስለቅሰንም ተነስቶ የሚወጣ የለም። አያቴ ጉሮሯቸውን ጠረጉ ማለት ተረት መጣ ማለት ነው። በአማርኛ ይጀምሩና ነገሩ ሲጋጋል ሳያውቁት ወደ ኽምጣኛ ይሻገራሉ፤ የእሳቸው ጅብ በአማርኛ ይዋሻል፣ ሲያዝ በኽምጣኛ ይምላል። እኛም በሁለቱም እንስቃለን።

ከእኛ ጋር የአጎቴ የአያ ደሴ ሚስት፣ እቴ ብርቄ ትኖር ነበር። ከተጋቡ ስድስት ዓመት ቢሆናቸውም ልጅ አልወለዱም። ይህ ነገር በቤታችን በግልጽ አይነሳም፤ ግን እናቴ ለእቴ ብርቄ ሕፃን ስታሳቅፍ የምታደርገው ጥንቃቄ፣ አያቴ ሲመርቁ «ዘር ይስጥሽ» የሚለውን ጠበቅ አድርገው የሚሉት፣ ሁሉም ያው ነገር ነበር። አያ ደሴ ዝምተኛ ሰው ነው። ዝምታውን ያኔ ደግነት ይመስለኝ ነበር።

የእቴ ብርቄ ወንድም ሰሊጥ ለማጨድ ሁመራ ይወርድ ነበር። አንድ ዓመት ሲመለስ ቁንዶ በርበሬ የሚመስል ጥቁር ዘር በጨርቅ ቋጥሮ አመጣላት። እሷም ከጓሮ፣ የልብስ እጣቢ ከሚደፋበት ዘራችው። አምስት በቀለ። ቅጠሉ እንደ እጅ ጣት የተከፋፈለ ስለሆነ እናቴ ጉሎ መስሏት ሦስቱን ነቅላ ጣለች። እቴ ብርቄ ውሃ ቀድታ ስትመለስ የተነቀሉትን አየች። የቀሩትን ሁለቱን ፍየል እንዳይደርስባቸው በእሾህ አጠረቻቸው፤ በበጋ ከወንዝ ካመጣችው ውሃ እየቀነሰች፣ የምድጃ አመድ እየበተነች አሳደገቻቸው።

ከዚያ በኋላ መንደሩ ሁሉ ዛፍ አዋቂ ሆነ። በጓሮአችን ያለፈ ሁሉ ቅጠል ቀንጥሶ ያሸታል፤ የሚወጣውን ነጭ ወተት በጣቱ ነክቶ ይልሳል፤ ፊቱን ያጨማድዳል። አንዱ ወተቱን አይቶ «የሾላ ዘመድ ነው» ይላል። ሌላው «ጉሎ ነው፤ ውሃ ያቀበጠው ጉሎ» ይላል። አያቴ ዓይናቸው ስለደከመ ግንዱን በመዳፋቸው ዳብሰው «እኔ የማላውቀው ዛፍ ከሆነ ዛፍ አይደለም» አሉ። ለከብት ክትባት የመጣ አንድ የመንግሥት ሠራተኛ ነው «ይሄማ ፓፓያ ነው» ብሎ ክርክሩን የዘጋው። እሱም ስሙን እንጂ ጠባዩን አያውቅም ነበር።

በሦስተኛው ዓመት አንደኛው ዛፍ ከቅጠሉ ሥር፣ ግንዱ ላይ የተለጠፈ ፍሬ ያዘ። ሌላኛው ደግሞ ረጃጅም ዘንግ አውጥቶ ቁጥር የሌለው ነጫጭ አበባ አንጠለጠለ፤ ሲመሽ ሽታው እስከ በሩ ይደርሳል። ፍሬ ግን የለውም። እቴ ብርቄ የመጀመሪያውን ፍሬ ሲበስል ቆረጠችና ለማንም ሳታቀምስ ለአያቴ አቀረበች።

«ይብሉ አብዬ፤ ጥርስ አይፈልግም» አለቻቸው።

አያቴ ሁለቴ ዋጥ አደረጉና «ለካ እግዜር ለድድም ያስባል!» አሉ። ቤቱ ሁሉ ሳቀ። እሷም ሳቀች፤ በዚያ ቤት ጥርሷን ያየሁት ያን ቀን ብቻ ይመስለኛል።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ጧት ጧት የዛፎቹን ወሬ ለአያቴ የማደርሰው እኔ ሆንኩ። «የሚያፈራው አራት ይዟል፤ ያኛው አበባ ብቻ ነው» እላቸዋለሁ። «አሁንም አበባ ብቻ?» ይሉኛል። «አበባ ብቻ።» ራሳቸውን ይነቀንቃሉ። ከዚህች ወሬዬ አዲስ ተረት ሠሩ።

አንድ ንጉሥ ሁለት ዛፎች ነበሩት። አንዷ ታበላዋለች፤ ሌላዋ አበባዋን እየነሰነሰች «ነገ፣ ንጉሥ ሆይ፣ ነገ» ትለዋለች። ንጉሡ ነገን ሲጠብቅ ሸበተ። ዝናብ ቀረና የምታበላው ዛፍ በጥም ልትሞት ደረሰች፤ ለካ አበባማዋ ሥሯን በምድር ውስጥ ሰድዳ የጓደኛዋን ውሃ ትጠጣባት ኖሯል። ንጉሡም መጥረቢያውን አነሳ። እዚህ ላይ አያቴ ጭናቸውን በመዳፋቸው ጠፍ ያደርጉታል፤ እኛም በአንድ ድምፅ «ቁረጣት!» እንላለን።

ነገር በምሳሌ ጠጅ በብርሌ ይባላል። ይህ ብርሌ ለማን እንደተቀዳ ከልጆቹ በቀር ሁሉም ያውቃል፤ እውነቱን ልናገር ካልኩ ደግሞ ልጆቹም እናውቅ ነበር። እቴ ብርቄ የኩራዟ ብርሃን ከሚያልቅበት ጥግ ተቀምጣ ጥጥ ትፈትላለች። እኛ «ቁረጣት!» ስንል እንዝርቷ አይቆምም፣ ቀና ብላም አታይም። አያ ደሴ ፍሙን በእንጨት ይቆሰቁሳል።

ሁዳዴ ሲገባ አንድ ምሽት፣ ተረቱ እንዳለቀ፣ አያቴ ወደ ልጃቸው ዞረው «ደሴ፣ እስከ ፋሲካ ታገሥ። ፍሬ ካልመጣ ሁለቱንም ነው» አሉ፤ በአገጫቸው ወደ እቴ ብርቄ ጥግ እየጠቆሙ። ቀልድ ነበር። ሁሉም ሳቀ፤ እናቴ ሳቀች፣ እኔም ሳቅሁ። ከዚያ በኋላ ግን ሽማግሌዎች መመላለስ ጀመሩ፤ የሌላ ሴት ስም ሲነሳ ሰማሁ። ቀልዱ ቀልድ እንዳልነበረ በዚያ ገባኝ።

ከሆሳዕና በፊት ባለው ሳምንት እቴ ብርቄ በጓሮ ጠራችኝ። ከዛፉ ሥር አስቀመጠችኝና የተንጠለጠለውን አበባ ሳትበጥስ ጎንበስ አድርጋ አሳየችኝ።

«ይኸውልሽ፣ ይሄ ወንዱ ነው» አለችኝ። «ሁመራ እርሻው ላይ እንዲህ ነው የሚለዩት አሉ፤ ወንድሜ ነው የነገረኝ። አበባ እስኪያወጣ አይታወቅም። ወንዱ እንዲህ ያንጠለጥላል እንጂ አያፈራም። ሴቲቱ ግን ያለ እሱ ባዶ ናት። እሱን ከቆረጡት እሷም ፍሬ አትይዝም።»

«ታዲያ ለአብዬ አትነግሪያቸውም?»

«እኔ?» አለች። «የማያፈራው ወንዱ ነው ብዬ በአማቴ ፊት ልናገር? ባሏን ሰደበች ይሉኝና በዚያው ለት እወጣለሁ። ከልጅ አፍ ሲወጣ ግን ይሳቅበትና ይታለፋል፤ ሰውም ማታ ሲተኛ ያስበዋል። አንቺን ይሰሙሻል። ያ ተረት ካልቀረ እኔ በዚህ ቤት አልኖርም፣ ልጄ። ንገሪልኝ።»

«እሺ» አልኳት።

«ማርያምን በይ።»

«ማርያምን።»

ሁለት ምሽት ቃሉን አፌ ውስጥ ይዤ ተቀመጥሁ። አያቴ ጉሮሯቸውን በጠረጉ ቁጥር «አሁን» እላለሁ፤ ከዚያ ተረቱ ይጀምራል፣ ሳቁ ይመጣል፣ የእጃቸው ሙቀት ራሴ ላይ ያርፋል፤ ይቀራል። ፈራሁ ብል ግማሹን መዋሸት ነው። አያቴ አይመቱኝም ነበር። የፈራሁት ተረቱን ካበላሸሁባቸው ነገ ከቀኝ ጉልበታቸው ሥር ሌላ ልጅ ይቀመጣል ብዬ ነው።

በሦስተኛው ምሽት ቤቱ በጎረቤት ሞልቶ ነበር። አያቴ ጉሮሯቸውን ጠረጉና «ዛሬ ደክሞኛል፤ የሁለቱን ዛፎች ተረት ወራሼ ታውራላችሁ» ብለው እጃቸውን ራሴ ላይ ጫኑ።

ወራሼ አሉኝ፣ በሰው ሁሉ ፊት። እቴ ብርቄ ለመጀመሪያ ጊዜ እንዝርቷን አቁማ ቀና አለች። አሁን ትናገርልኛለች ብላ ነበር፤ ፊቷ ላይ አየሁት። እኔም ተነስቼ ቆምኩና ተረቱን አወራሁ። ደግሞስ እንዴት አድርጌ! ንጉሡን አሸበትሁት፣ አበባማዋን አሽኮረመምኳት፣ «ነገ፣ ንጉሥ ሆይ፣ ነገ» ስል ትከሻዬን ነቀነቅሁ። ሰው በሳቅ ሞተ። ጭኔን ጠፍ ሳደርገው ቤቱ በሙሉ «ቁረጣት!» አለ። አያቴ ስመው ከቀኝ ጉልበታቸው ሥር መለሱኝ። ወደ ጥጉ ለማየት ድፍረት አልነበረኝም፤ የእንዝርቱን ድምፅ ግን ሰማሁ፣ እንደገና ጀምሮ ነበር።

ፋሲካ ባለፈ በሦስተኛው ቀን አያ ደሴ መጥረቢያ ይዞ ወጣ። የፓፓያ ግንድ ለስላሳ ነው፤ ሦስቴ ሳይመታው ወደቀ። ውስጡ ክፍት ነበር። አያቴ ዳበሱትና «አላልኳችሁም? ባዶ!» አሉ። ነጩ ወተት ከጉቶው ላይ እየተንጠባጠበ እስከ ቀትር ቆየ። በሳምንቱ ሽማግሌዎች ተቀመጡ፤ እቴ ብርቄም ወጣች። ሊወስዳት የመጣው ወንድሟ ጉቶውን አይቶ «ወንዱን ነው የቆረጣችሁት። ያችም አትቆይላችሁም» አለ። አያቴ «የሁመራ ወሬ» ብለው አጣጣሉት። እኔን ስትሰናበተኝ ግንባሬን ሳመችኝ፤ ምንም አልጠየቀችኝም።

ሰኔ ሳይገባ የቀረችው ዛፍ የያዘችውን ጨረሰች። ከዚያ በኋላ ያወጣችው አበባ እየረገፈ ከሥሯ ይከመራል፤ ሳይረግፍ የቀረ ቢኖር ጣት የማያክል ነገር ነው፣ እሱም ይወድቃል። እኔ አሁንም ጧት ጧት ወሬ አደርሳለሁ፤ «ዛሬም አበባዋ ረገፈ» እላለሁ። አንድ ቀን እናቴ ስትሰማኝ ቆየችና «ኮሶው እንኳ ወንድና ሴት አለው፤ ምነው ያኔ ትዝ ሳይለን?» አለች። በቀጣዩ ክረምት ነፋስ ገነደሳት። ሄጄ አየኋት፤ የእሷም ግንድ ውስጡ ክፍት ነበር።

አያቴ ይህን ሲያዩ ተረቱን ይተዉታል ብዬ ነበር። አልተዉትም፤ ጭራ ቀጠሉለት። አበባማዋ ስትቆረጥ ጓደኛዋን ረገመቻት፤ በእርግማኗ ምክንያት የምታበላዋም ደረቀች አሉ። ሰዎችም «የብርቄ ዓይን ነው» ማለት ጀመሩ። አያ ደሴ ሌላ አገባ፤ ከእሷም ልጅ አልመጣም። በእሱ ላይ ግን ማንም ተረት አልተረተም። እኔ ከቀኙ ጉልበት ሥር ሆኜ ሁሉንም ሰማሁ፤ አያቴ እስኪሞቱ ድረስ ቦታዬን የነካብኝ አልነበረም።

እቴ ብርቄን ዳግመኛ ያየኋት ካገባሁ በኋላ፣ በሰቆጣ ገበያ ነው። እዚያው በአካባቢያችን ባለችው ዝቋላ ባል አግብታ ነበር። ሕፃን አዝላለች፤ ስድስት ዓመት የሚሆናት ልጅ ቀሚሷን ይዛለች። አቅፋ ሳመችኝ፤ ስለ አያቴ ሞት ከልቧ አዘነች፤ ስለ አያ ደሴ ጠየቀች። ልንለያይ ስንል ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ «ያን ጊዜ ለአብዬ ነግረሻቸው ነበር?» አለችኝ።

«ነግሬያቸው ነበር» አልኳት። «ለብቻቸው። አልሰሙኝም።»

ምላሴ አልተሰናከለም። ተረት ማውራት ከአዋቂ ነበር የተማርኩት።

ፊቷ በራ። «አውቅ ነበር!» አለች። «ያን ማታ ያስወሩሽ እሳቸው ናቸው፤ አንቺማ አስቀድመሽ ተናግረሽልኛል ብዬ ነበር።» ወደ ልጇ ጎንበስ ብላ «ይቺ ናት እኮ! ማታ ማታ የምነግርሽ፣ ያ ሁሉ ሰው በእናትሽ ሲስቅ ብቻዋን የተናገረችልኝ ልጅ ይቺ ናት። ሳሚያት» አለቻት። ልጅቱ ዓይኗን ከእኔ ሳትነቅል መጣችና እጄን ሳመችኝ። ዓይኗ ውስጥ ያየሁትን አውቀዋለሁ፤ ልጅ ተረት ውስጥ የሰማውን ሰው በአካል ሲያገኝ እንዲህ ነው የሚያየው።

ያኔ «አይደለሁም» ማለት እችል ነበር። ገበያው ጫጫታ ነው፣ ከሁለቱ በቀር የሚሰማኝ አልነበረም። እጄን ለልጅቱ ሰጥቼ ቆምኩ። ካደግሁባቸው ተረቶች ብዙዎቹ ጠፍተውብኛል፤ የጅቡን መጨረሻ እንኳ ልጆቼ ሲጠይቁኝ ከራሴ እሞላዋለሁ። የማልረሳው በጆሮዬ ሰምቼው የማላውቀውን ነው፦ ዝቋላ ውስጥ በአንድ ቤት፣ እራት ከተበላ በኋላ፣ እኔ ደግ ልጅ ነኝ።