ማኑቢያ ባሕሯ ላይ ቆመች

የማኑቢያ አባት ሲሞት ያወረሳት አርባ የቴምር ዛፍና አንድ ቁራጭ ባሕር ነው። ከርከና ደሴት ላይ ባሕርም እንደ እርሻ ይወረሳል፤ ድንበር አለው፣ ወረቀት አለው። ባለቤቱ በየመስከረሙ የቴምር ዝንጣፊ ውሃው ውስጥ እየተከለ አጥር ያጥራል፣ ዓሣው አጥሩን ተከትሎ ሄዶ ሄዶ ወጥመድ ውስጥ ይገባል። ማኑቢያ የምትኖረው በዚህ ነው።

ቴምሮቹን ግን ጨው በላቸው። ባሕሩ በየዓመቱ እየገፋ ሥሮቻቸው ድረስ ገባ። ከአርባው አሥራ አንድ ቀሩ። ዘንድሮ የሰጧት ዝንጣፊ የሚበቃው ለአንድ አጥር ብቻ ነው።

በዚያው ሰሞን የዓለም መሪዎች መልእክተኞች በጀልባ ደሴቱን ሊጎበኙ ነው ተባለ። የደሴቱ ሰው ወደብ ላይ ወጥቶ "ባሕሩን የሚገፋብን የፋብሪካችሁ ጭስ ነው፣ አቁሙ" ሊላቸው ተሰናዳ። የወደቡ ሹም ከለከለ።

ወጣቶቹን የሚያስተባብረው ጎረቤቷ ፈትሒ አንገቱን ደፍቶ መጣ።

"አለቀ አክስቴ። መሬት ላይ መፈክር የያዘ ሰው እንዳላይ ብሏል።"

"መሬት ላይ ነው ያለው?"

"አዎ።"

"ታዲያ ምን ያስለቅስሃል? ጀልባው የሚያልፈው በኔ ባሕር አጠገብ አይደል?"

በማግስቱ ከወጣቶቹ ጋር ውሃው ውስጥ ገብተው አጥሩን ዓሣው በሚመጣበት ሳይሆን በጀልባው መንገድ ትይዩ አቆሙት። እያንዳንዱ ዝንጣፊ ላይ መፈክሩ የተጻፈበት ጨርቅ ታሰረ።

"እዚህ እኮ አንድ ዓሣ አይገባም" አለ ፈትሒ።

"አውቃለሁ። እሰር።"

ሹሙ በሞተር ጀልባ እየበረረ መጣ።

"ይሄ ምንድነው?"

"የዓሣ አጥር።"

"የዓሣ አጥር ጽሑፍ አለው?"

"የኛ ዓሣዎች ተምረዋል። የቀሩት ሹማምንቱ ናቸው።"

ወጣቶቹ ሳቁ። ሹሙ ፊቱ ቀላ።

"ሴትዮ፣ አሁኑኑ ንቀዪው።"

"በገዛ ባሕሬ? አንተ ንቀለው። ውሃው እስከ ወገብ ነው፣ ሱሪህን አውልቅና ውረድ።"

"ነገ ቢሮዬ ትቀርቢያለሽ።"

"እቀርባለሁ። አሁን ግን ዞር በልልኝ፣ ጋረድከን።"

ጀርባዋን ሰጥታው የላላውን ጨርቅ አጠበቀች።

ትልቁ ጀልባ መጣ። መልእክተኞቹ የጀልባውን ጠርዝ ተደግፈው አዩ፣ አንዳንዱም ፎቶ አነሳ። ጀልባው ፍጥነቱን እንኳ አልቀነሰም። ማዕበሉ መጥቶ አራት ዝንጣፊ ጣለ።

"አለፉ" አለ ፈትሒ፣ ድምፁ ሞቶ።

ማኑቢያ ጎንበስ ብላ የወደቀውን አነሳች።

"ደሴት ነው ልጄ፣ በሌላ በየት ይወጣሉ? ሲመለሱም በዚሁ ነው። ያንን አቀብለኝ፣ አሁን ጠለቅ አድርገን እንትከለው።"