ከጓሮ የወጣው የካፖርት ቁልፍ

ሴትዮዋ ከጓሯቸው ቆፍረው ያወጡትን በመሀረብ ቋጥረው ሙዚየሙ ውስጥ ወዳለው ክፍሌ ገቡ። ወንበር ባቀርብላቸውም አልተቀመጡም፤ ጭቃ በነካው ጫማቸው ከመስኮቱ ወደ በሩ ይመላለሳሉ።

ቋጠሮውን ስፈታው የእርሳስ ጥይቶችና ሁለት የብረት የልብስ ቁልፎች ወጡ።

«ጥይቶቹ ድብልብል ናቸው፤ በአፈሙዙ የሚጎርስ የጥንት ጠመንጃ ጥይቶች ናቸው። መቶ ዓመት አልፏቸዋል፣ እማማ።»

«ተመስገን። ቁልፎቹም የዚያው ዘመን ናቸው አይደል፣ የኔ ጌታ?»

አንደኛው ማንጠልጠያው በእጅ የተበየደ፣ እውነትም የጥንት ነው። ሁለተኛውን ስገለብጠው ግን ጀርባው ላይ የፋብሪካ ማኅተም አለ።

«ይኼኛው የቅርብ ነው። ባለፈው ጦርነት ከነበሩት ወታደሮች ካፖርት የወጣ ነው።»

«እስቲ ደህና አድርገህ እየው። ዝገቱ አይታይህም?»

«ዝገት ዕድሜ አይናገርም፣ እማማ።»

ያን ጊዜ ቆም አሉ።

«ልጄ ከጦሩ ጠፍቶ፣ እንዲህ ያለ ካፖርት ለብሶ ቤት መጥቶ ነበር። ከገበያ ስመለስ አባቱ ‹ድንበር አሻገርኩት› አለኝ። ይኸው እስከ ዛሬ ድምፁን እጠብቃለሁ።»

«ቁፋሮ የሚያውቁ ሰዎች ልላክልዎት?» አልኳቸው።

አዲሱን ቁልፍ ብቻ አንስተው ጨበጡት።

«ተወው፤ የቀረውን አባቱ ይቆፍረው» ብለው ወጡ።