ያለ ዳይፐር

ሰሞኑን ስልኬን በከፈትኩ ቁጥር አንዲት ፈረንጅ ራቁቱን ሕፃን ሳፋ ላይ ይዛ ትመጣብኛለች። ሬዲዮው ያንኑ ያወራል፤ የጠዋቱ የቴሌቪዥን ፕሮግራምም ባለሙያ ጠርቶ ያንኑ። ልጅ ያለ ዳይፐር ማሳደግ ይቻላል አሉ፣ አዲስ ነገር ተገኝቶ። እውነቴን ነው፣ ደክሞኛል። እንቅልፍ ካየሁ ወራት አልፈዋል፣ የዚህ ወሬ ደግሞ ለኔ ጣጣው ሌላ ነው።

ልጄን በወለድኩ ሰሞን እናቴ በየጠዋቱ ከጌጃ ሰፈር ልደታ ድረስ በእግሯ ትመጣ ነበር። የምንኖረው ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ነው። ጉልበቷን ያማታል፣ ግን አንድ ቀን አልቀረችም። ባለቤቴ ክፍለ ሀገር ነው የሚሠራው። የወሊድ ፈቃዴ ሲያልቅ ልጁን እሷ እንድትይዘው ተነጋግረን ጨርሰናል፤ ሌላ ሰውም አልነበረኝም።

ጠብቶ ሲያበቃ ትቀበለኝና ወለሉ ላይ እግሯን ዘርግታ ትቀመጣለች። ልጁን ፊቱን ወደ እሷ አዙራ ቁርጭምጭሚቷ ላይ ታስቀምጠዋለች፤ ከሥሩ ፖፖ አለ። "ሽሽሽ" ትለዋለች ቀስ ብላ፣ እሱም ይሸናል። እኔ ምንም ሳይታየኝ እሷ ፊቱን አይታ "መጣ" ትላለች። አምስታችንንም ያሳደገችን እንዲሁ ነው።

አንድ ቅዳሜ የመሥሪያ ቤቴ ሴቶች ሊጠይቁኝ መጡ፣ እንደ ደንቡ ዳይፐር ተሸክመው። እናቴ እነሱ ፊት እግሯን ዘርግታ ልጁን ታሸናለች። አንዷ አፍንጫዋን ያዝ ስታደርግ አየሁ፤ ወይም ያየሁ መሰለኝ። ቆሽቴ አረረ።

"እማዬ፣ ተይ እንጂ። እንዲህ ያለ ኋላ ቀር ሥራ። ልጄን በሽታ ልታስይዢው ነው?" አልኳት።

እንግዳ ፊት፣ እናቴን። እሷ ልጁን አቅፋ ተነሥታ ካመጡት ውስጥ አንድ ዳይፐር አወጣች። የቱ ፊቱ፣ የቱ ጀርባው እንደሆነ ስላላወቀች ገልብጣ አሰረችው። ሴቶቹ ሳቁ፤ እኔም አብሬ ሳቅኩ።

ከዚያ በኋላም መምጣቷን አልተወችም። ብቻ ልጁ ሲያለቅስ ከወንበሯ ሳትነሣ "ላንሣው?" ትለኝ ጀመር። ላጥበው? ልቀባው? ልቀይርለት? ድካሙ አደንዝዞኝ ነው መሰለኝ፣ ምን ሆና ነው ብዬ እንኳ አልጠየቅኩም። እንዲያውም ምክሬን የሰማች መስሎኝ ደስ ብሎኝ ነበር።

የዳይፐር አልባው ወሬ የመጣው የልጁ ጭን ተላልጦ ሌት ተቀን ሲነጫነጭብን፣ የኔም ፈቃድ ሊያልቅ ጥቂት ቀን ሲቀረው ነው። ቪዲዮውን እንዳየሁ ስልኬን ይዤ ወደ እናቴ ሄድኩ።

"እማዬ፣ እይ፣ አንቺ የምታደርጊው እኮ ነው። ባለሙያ ነው የሚናገረው። ከሰኞ ጀምሮ እንደ ድሮሽ አድርጊለት።"

ልቧ ቅቤ የሚጠጣ መስሎኝ ነበር። መነጽሯን አድርጋ እስከ መጨረሻው አየችና ስልኩን መለሰችልኝ።

"ጎበዝ ናት ፈረንጇ። አንቺ ግን ለሰኞ ሰው ፈልጊ።"

"ጉልበትሽ ነው? ባሰብሽ?"

"ጉልበቴስ ደኅና ነው። አንቺን ፈራሁሽ ልጄ። ባነሣው፣ ቢያስለው፣ ቢያለቅስ ምን ትለኝ ይሆን እያልኩ እጄ ይንቀጠቀጣል። እንዲህ እየሆንኩ ሕፃን ብይዝ እጥለዋለሁ።"

እግሯ ላይ ወደቅኩ። ብድግ አድርጋ አንገቴን ሳመችኝ። ይቅርታውን ያኔውኑ፣ የዚያን ቅዳሜ አድርጌልሻለሁ አለችኝ፤ እጇን ግን እሺ ልታሰኘው አልቻለችም። ሕፃን እያለሁ እኔን ያሸናችኝ፣ ያጠበችኝ እጅ ነው። እኔ ነኝ ያስፈራሁት።

ሰኞ ጠዋት ልጄን ዳይፐር አስሬ ተክለ ሃይማኖት አካባቢ ላለች ልጅ ጠባቂ አስረክቤ ቢሮ ገባሁ። ሴቶቹ አንድ ስልክ ላይ ተደፍተው ያንኑ ቪዲዮ ያያሉ። ሲያዩኝ ተነሥተው አቀፉኝ።

"አንቺማ ታድለሽ" አለችኝ አንዷ፤ "ይሄን ሁሉ የምታውቅ እናት እቤትሽ ቁጭ ብላልሽ።"

አዎ አልኳት።