የጡሩንባ ነፊው ክንድ

ዘገየ ጎሚስታ ነው። ከጭሮ ወደ ድሬዳዋ በሚያስወጣው አስፋልት ዳር ኮምፕሬሰሩን ተክሎ የጫት መኪኖችን ጎማ ይለጥፋል። ጫት የጫነ ሹፌር ትዕግሥት የለውም፤ ጫት ከጠወለገ ቅጠል ነው። ስለዚህ ዘገየ በጥድፊያ ምስማርና የጠርሙስ ስባሪ ከጎማ ሲነቅል ይውላል፤ መዳፉም ተወግቶ ተወግቶ እንደ ጎማው ደድሯል። ይህ አስቀድሞ መነገሩ፣ ይኸው ሰው አንዲት ቀጭን መርፌ ፈርቶ ስንት ጊዜ እንደተደበቀ ሲወራ የሚያምን ስለማይገኝ ነው።

ከጎማው ሌላ የሰፈሩ እድር ጡሩንባ ነፊ ነው። ሰው ሲሞት ጎሕ ሲቀድ ይነሳና በየመንገዱ እየነፋ፣ በአማርኛም በኦሮምኛም ይለፍፋል። ድምፁ ለዚሁ የተፈጠረ ነው። ሚስቱ ዘርፈሽዋል፣ «አንተ ጨው አቀብዪኝ ስትል እኮ ጎረቤት ጨው ይዞ ይመጣል» ትለው ነበር። ዘርፈሽዋል ያ ክፉ ሳል ከተማ የገባ ጊዜ ሞተች። ለእሷ ጡሩንባውን የነፋው ሌላ ሰው ነው።

በ2014 ኅዳር የኮሮና ክትባት ቀበሌው ድረስ ሲመጣ ዘገየ ሰበብ አላጣም። መጀመሪያ «ጾም ነው፤ በባዶ ሆድ መርፌ አይወጉም» አለ። የነቢያት ጾም ገና አልገባም ነበር። ቀጥሎ ስለ ክንዱ አሰበ። ቀኙን ቢወጋ ጎማውን በምን ይፈለቅቃል? ግራውን ቢወጋ ጎማውን በምን ይደግፋል? ሦስተኛ ክንድ እንዳልተሰጠው እያዘነ ሰነበተ። በመጨረሻ ወሬ ሰብሳቢ ሆነ። «እገሌ ተከትቦ አልጋ ያዘ» የሚል ሹፌር ከመጣ ጎማውን በነጻ ይነፋለታል። «ተከትቤ ምንም አልሆንኩም» ያለውን ግን ያስከፍለዋል።

አጠገቡ የመኪና ዘይት የሚሸጠው ሙሐመድአሚን ይህን ሁሉ ያያል።

«ስማ፣ ያ ዘገየ፣ እኔ ከተከተብኩ ወር ሆነኝ። ይኸው አልሞትኩም።»

«ገና ነሃ» አለ ዘገየ፣ ጎማውን ውኃ ውስጥ እየነከረ።

«ወላሂ አንተ ልትቀብረኝ ቸኩለሃል! ጡሩንባህ ሥራ ፈታብህ መሰለኝ።»

በዚህ መሐል በደሳ የምትኖረው ልጁ ሩሐማ ወለደች። ሴት ናት፤ ጊዜዋን ሳትጨርስ የመጣች፣ ደረቷ ገና ያልጠና ሕፃን። ዘገየ የምሥራቹን እንደሰማ ገበያ ወጥቶ ለአራስ የሚሆን ቅቤ ገዛ። ማታ ሩሐማ ደወለች።

«አባዬ፣ ያልተከተበ ሰው አይጠጋት ተብያለሁ።»

«እኔ እንደሆንኩ ሳል የለብኝም።»

«እማዬም አልነበረባትም።»

ዘገየ የገዛውን ቅቤ ከፊቱ ገፋ አደረገው።

«ሳትከተብ እንዳትመጣ። ብትመጣም በር አልከፍትልህም» አለች። ይህን ብላ ራሷ ወዲያው አለቀሰች።

«ነገ እከተባለሁ፤ በቃ፣ ነገ» አላት።

ነገ የሚባለው ቀን ብዙ ጊዜ መጥቶ ሄደ። ዘገየ ጤና ጣቢያው በር ድረስ ይሄድና ሰልፉን አይቶ «ዛሬ ሰው በዝቷል» ብሎ ይመለሳል። ሰልፉ ሲቀንስ ደግሞ «ሰው የሸሸው አንድ ነገር ቢያውቅ ነው» ይላል። ቅቤው ቤት ተቀምጦ ተቀምጦ ጠረኑ ተለወጠ። ዘገየም ጠዋት በወጣ ማታ በገባ ቁጥር ያ ጠረን እንደ ሰው እየተቀበለው ያፍር ጀመር። የልጅ ልጁን ፊት በስልክ ፎቶ ብቻ ነው የሚያውቀው፤ ፎቶው ላይም ከፎጣው ውስጥ የሚታየው አፍንጫዋ ብቻ ነው።

ታዲያ አንድ ቀን ከሰዓት የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ኑኃሚን ወደ ጎማ ቤቱ መጣች። ዘገየ ገና ከሩቅ ሲያያት አንድ ደህና ጎማ ፈትቶ ቀዳዳ መፈለግ ጀመረ።

«ጋሽ ዘገየ፣ ልለምንዎት ነው የመጣሁት። ሰው አልመጣ አለን። ነገ ጠዋት በቀበሌው አዳራሽ ግቢ እንከትባለን፤ እርስዎ ቢጠሩልን? ድምፅዎን የማያውቅ የለም።»

ዘገየ እፎይ አለ። መጥራት መወጋት አይደለም። እንዲያውም ለሌላው የሚለፋ ሰው ለራሱ ጊዜ ቢያጣ ማን ይፈርድበታል? ደስ ብሎት እሺ አለ፤ ለሻይ እንኳ ጋበዛት።

በማግስቱ ጎሕ ሲቀድ ተነሳ። ቀበሌው የሰጠው የድምፅ ማጉያ ባትሪው አልቆ ጭጭ አለ። ዘገየ ብዙ አላሰበም፤ ጡሩንባውን አነሳ። እንደ ለመደው ረዘም አድርጎ ነፋ፤ እንደ ለመደው ዝም ብሎ ቆየ፤ ከዚያ ድምፁን ለቀቀው።

«እድርተኛ! የሰማህ ላልሰማ አሰማ! ቀበሌ አዳራሽ ግቢ ውጣ! ክትባት አለ! አልሰማሁም እንዳትል!»

ነገር ግን ጎሕ ሲቀድ ጡሩንባ የሰማ ሰው ከዚያ በኋላ የሚባለውን አይሰማም፤ ነጠላውን ይፈልጋል። ዘገየ ሰፈሩን ዞሮ ግቢው ሲደርስ ሴቶቹ ነጠላቸውን ዘቅዝቀው፣ ወንዶቹ ጋቢያቸውን አጣፍተው ቆመዋል። ጎረምሶቹ የእድሩን ድንኳን ከነምሰሶው ተሸክመው መጥተዋል። አካፋና ዶማ የያዙም አሉ። ሙሐመድአሚን ቆቡን አድርጎ ከፊት ቆሟል። የሰፈሩ አልቃሽ እማማ ሳህሊቱ አንድ ጥግ ይዘው ያለቅሳሉ።

«ኤኙቱ ዱኤ? ማን ሞተ?» ይላል ሰው እርስ በርሱ።

«እማማ፣ እርስዎ ለማን ነው የሚያለቅሱት?» አለች ኑኃሚን ግራ ገብቷት።

«እኔ ምን አውቄ ልጄ? ማን እንደሆነ ሲነገረኝ እጨምርበታለሁ።»

የእድሩ ሊቀመንበር ደረጀ ወደ ዘገየ መጣ። «ማነው የሞተው?»

«ማንም አልሞተም። ክትባት ነው።»

ድንኳን የተሸከሙት ጎረምሶች ምሰሶውን ዱብ አደረጉት።

«በእድሩ ጡሩንባ? ለመርፌ?» አለ ደረጀ። «ዘገየ፣ ይህ ቅጣት አለው!»

«የእኔስ እንባ?» አሉ እማማ ሳህሊቱ። «እሱን ማን ይመልስልኛል?»

ኑኃሚን ከጠረጴዛዋ ኋላ ብድግ አለች። «አንዴ ወጥታችኋል፤ ከወጣችሁ አይቀር ለምን አትከተቡም?»

ሰው እርስ በርሱ ተያየ። ሙሐመድአሚን ጉሮሮውን ጠረገ።

«የጠራን ይቅደም» አለ። «እንዴ! ጋሽ ዘገየ ሳይከተብ ነው እንዴ የሚጠራን?»

ይህን የሚለው እንዳልተከተበ እያወቀ ነው። ሰው ሁሉ ወደ ዘገየ ዞረ። ዘገየ ስለ ጾሙ ሊናገር አፉን ከፈተ፤ ጾሙ አሁን በእርግጥ ገብቷል። እግሩ ግን ወደ ወንበሩ ወሰደው። እጅጌውን ሰበሰበ። ኑኃሚን ጥጡን አልኮል ነክራ ክንዱን ጠረገችው።

ያ ሽታ ነበር። ሆስፒታል ውስጥ ለዘርፈሽዋል ግሉኮስ ሊሰኩላት ደም ሥሯን ሲፈልጉ የነበረው ሽታ። አንዱን ክንድ ይሞክራሉ፣ ይተዋሉ፤ ሌላውን ይሞክራሉ። ሥሩ አልገኝ አለ። ዘርፈሽዋል ያኔ ወደ እሱ አየችና «አንተ ዞር በል፤ አትይ» አለችው። ዞረ። ከዚያ በኋላ አላናገረችውም።

ሰማዩ ወደ ታች መጣ፤ ዘገየም ከነወንበሩ ተገለበጠ።

እማማ ሳህሊቱ የሚያለቅሱለት ስም በመጨረሻ አገኙ። «ወይኔ ዘገየን! ወይኔ ጡሩንባችንን!» ሴቶቹ ተቀበሏቸው። ጎረምሶቹ ድንኳኑን ፈትተው ለጥላ ከላዩ ዘረጉለት። ዘገየ ዓይኑን ሲገልጥ ያየው የእድሩን ድንኳን ነው።

«ሞትኩ እንዴ?»

«አልሞትክም» አለ ሙሐመድአሚን፣ በቆቡ እያራገበለት። «ግን ብትፈልግ ሁሉም ተሰናድቷል።»

«ተወጋሁ?»

«ኧረ ገና አልነካሁዎትም፣ ጋሼ» አለች ኑኃሚን።

ግቢው በሳቅ ተናጋ። ደረጀ እንኳ ቅጣቱን ረስቶ ሆዱን ያዘ። ዘገየም መሬት ላይ እንደተኛ ሳቀ፤ ሌላ ምን ያድርግ? ሳቁ ሲበርድ ኑኃሚንን በእጁ ጠራትና ዝቅ ባለ ድምፅ፣ ማንም ከእሱ ሰምቶት በማያውቀው ድምፅ ጠየቃት።

«ሥሩ ባይገኝስ?»

ኑኃሚን አልሳቀችም። «ይሄ ሥር አይፈለግለትም ጋሼ። ጡንቻ ላይ ነው። አንዴ ነው።»

«አይፈለግም?»

«አይፈለግም።»

ዘገየ ተነስቶ ወንበሩን አቃንቶ ተቀመጠ። ይህን ያህል ጊዜ ይህችን አንዲት ጥያቄ የሚጠይቀው ሰው አጥቶ ነበርን? አላጣም። ከጎኑ ዘይት ሻጭ፣ በስልኩ ልጁ፣ በየቀኑ ሹፌር ነበረለት። ከተማ የሚቀሰቅስ አፍ ይዞ ይህን መጠየቅ አልቻለም።

«ዞር ይበሉ፤ ባያዩት ይሻላል» አለችው።

«አልዞርም። ውጊ።»

አየ። የምስማር ያህልም አልነበረም። እማማ ሳህሊቱ ዓይናቸውን በነጠላቸው ጫፍ ጠርገው «እኔማ አልቅሼ ባዶ እጄን አልመለስም» ብለው ቀጥሎ ተቀመጡ። ሌላውም ተሰለፈ። አካፋ የያዙት ግን አካፋቸውን ሳይለቁ ነው የተከተቡት።

ሩሐማ ወሬውን ከአባቷ በፊት ከሰው ሰማች። «ወደቅህ አሉ?» ብላ በስልክ ሳቀችበት። ከዚያ መርፌው ሥራውን እስኪሠራ እንዲቆይ አዘዘችው። ጊዜው ሲደርስ ዘገየ የሸተተውን ቅቤ ደፍቶ፣ አዲስ ገዝቶ በደሳ ገባ። በሩ ተከፈተለት። ሩሐማ ሕፃኗን አቅፋ፣ ለመውጣት ተዘጋጅታ ነበር።

«እንኳን ደረስክ። የአርባ አምስት ቀን ክትባቷ ዛሬ ነው» አለችው። «እኔ ማየት አልችልም አባዬ፤ አንተ ያዝልኝ።»

«ማን? እኔ?»

«ታዲያ ሌላ ማን አለኝ?»

ጤና ጣቢያው ሩቅ አልነበረም። ዘገየ ሕፃኗን ጭኑ ላይ አድርጎ ተቀመጠ። ከፎጣው ሲገልጣት ፊቷን ሙሉውን አየው። ነርሷ ትንሿን እግር ያዘች። ዘገየ አጥብቆ አቀፋት፤ ዓይኑንም አልነቀለም። ሕፃኗ ቀላች፣ አፏን ከፈተች፣ ጮኸች፤ ከዚያ እጁን ይዛ ዝም አለች።

«አለቀ?» አለች ሩሐማ ከበሩ ውጭ፣ ጆሮዋን ይዛ።

«አለቀ» አለ ዘገየ። ሕፃኗ እጁን እንደያዘች ስለነበር ግን ወዲያው አልተነሳም።